የሩቅ ደሴት አሳማዎችና የስኳር ሕመም፦ ሕያው ሕዋስን መድኃኒት ለማድረግ የተደረገ ረጅም ጉዞ

ኒውዚላንድ ውስጥ የአንድ የስኳር ሕመምተኛ ሆድ በትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በካሜራ ሲታይ፣ ሐኪሞቹ በሆድ ዕቃው ሽፋን ላይ የተበተኑ ብዙ ጥቃቅን እብጠቶችን አዩ። ያዩት ነገር አዲስ በሽታ አልነበረም። እብጠቶቹ ከዘጠኝ ዓመት ተኩል በፊት፣ እ.አ.አ. በ1996፣ እነርሱው ያስቀመጧቸው የአሳማ ቆሽት ሕዋሳት ነበሩ። ሕዋሳቱ የተቀመጡት ከባሕር አልጌ በተገኘ ንጥረ ነገር በተሠሩ፣ ዓይን በጭንቅ በሚያያቸው ከረጢቶች ተሸፍነው ነው። ሐኪሞቹ ሆዱን ዳግመኛ የከፈቱት ሕዋሳቱ እስካሁን በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ ነበር።

ከእብጠቶቹ ናሙና ተወስዶ በአጉሊ መነፅር ሲመረመር ከከረጢቶቹ ውስጥ ሕያዋን ሕዋሳት ተገኙ። ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጡም ጥቂት ኢንሱሊን አመነጩ። ውጤቱ በ2007 በሳይንሳዊ መጽሔት ሲታተም በዘርፉ ለሚሠሩ ሁሉ ትልቅ ዜና ሆነ፤ የእንስሳ ሕዋስ በሰው አካል ውስጥ፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድኃኒት ሳይወሰድ፣ ለአሥር ዓመት ገደማ ኖሯልና።

ዜናው ግን ሌላ ገጽም ነበረው። ሕመምተኛው ከንቅለ ተከላው በፊት በቀን 53 ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋ ነበር። በ12ኛው ሳምንት የሚወጋው መጠን በ30 ከመቶ ቀነሰ፤ በ49ኛው ሳምንት ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሕዋሳቱ ኖረዋል፤ የሚጠበቅባቸውን ያህል ግን አልሠሩም። የዘርፉ ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ያሳለፉት ይህን ክፍተት ለመዝጋት ሲሞክሩ ነው።

ከሥራው ጀርባ የነበሩት ሰው ፕሮፌሰር ሮበርት ኤሊየት ናቸው፤ ባልደረቦቻቸው ቦብ ይሏቸው ነበር። በ1934 በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ የተወለዱት የሕፃናት ሐኪም፣ በ1970 የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በ2020 እስኪያርፉ ድረስም ሙሉ ዕድሜያቸውን ማለት ይቻላል በአንድ ጥያቄ ላይ አሳልፈዋል፤ አንድ ሕፃን በየቀኑ ከመርፌ ጋር ሳይኖር ከስኳር ሕመም ጋር እንዴት ሊኖር ይችላል?

ሰውነት የራሱን ሲያጠቃ

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የሚገኝ ዕጢ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚፈጩ ፈሳሾችን ያመነጫል። በመካከሉ ግን እንደ ደሴት ተነጥለው የተበተኑ የሕዋሳት ክምችቶች አሉ። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ በ1869፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳሉ፣ አይተው ገለጿቸው፤ ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን አላወቁም ነበር። ዛሬ «የላንገርሃንስ ደሴቶች» የሚባሉት እነዚህ ክምችቶች በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ከዕጢው ክብደት የሚይዙት ግን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ኢንሱሊን የሚመነጨው ከእነርሱ ነው።

በብዛት የሚታየው፣ በአብዛኛው ጎልማሶችን የሚይዘው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ነው። በዚህ ዓይነት ሰውነት ኢንሱሊን ቢኖረውም በአግባቡ አይጠቀምበትም። አንደኛው ዓይነት ከዚህ ይለያል። ሰውነትን ከቫይረስና ከባክቴሪያ ሊጠብቅ የተሰማራው የመከላከያ ሥርዓት በስህተት የራሱን የቆሽት ደሴቶች እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በወጣትነት ሲሆን፣ ያለ ኢንሱሊን ሕይወት አይቀጥልም።

ከእንስሳ ቆሽት መድኃኒት የመፈለግ ሐሳብ ከኢንሱሊን ግኝት ይቀድማል። ኦስካር ሚንኮፍስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ በ1889 በስትራስቡርግ የውሻን ቆሽት ቆርጠው ሲያወጡ ውሻው በስኳር ሕመም ተያዘ፤ የበሽታው መነሻ በቆሽት በኩል መሆኑም ታወቀ። ከአራት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ዋትሰን ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም ከታረደ በግ የወሰዱትን ቁራጭ ቆሽት በሞት አፋፍ ላይ ከነበረ የ15 ዓመት ልጅ ቆዳ ሥር ቀበሩ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰውነት ባዕድ አካልን ለምን እንደሚገፋ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም።

መፍትሔው በሌላ መንገድ መጣ። በቶሮንቶ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በ1921 ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት ለይተው አወጡ፤ ጄምስ ኮሊፕ አጠራው፤ በጥር 1922 ደግሞ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ገደማ የዓለም ስኳር ሕሙማን የኖሩት ከቄራ በሚሰበሰብ የአሳማና የከብት ቆሽት ነው ማለት ይቻላል። የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ የከብት በሦስት። በዘረ መል ምሕንድስና የተሠራ የሰው ኢንሱሊን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1982 ነው። እንግዲህ ዛሬ የአሳማ ሕዋስን ነገር ሲሰሙ የሚደነግጡ ሰዎች፣ አያቶቻቸው የስኳር ሕመምተኞች ከነበሩ፣ ምናልባት የአሳማ ኢንሱሊን ሲወጉ ኖረው ይሆናል።

መርፌው ግን ቆሽትን አይተካም። ጤነኛ ደሴት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከደቂቃ ደቂቃ እየለካ የሚያስፈልገውን ብቻ ይለቃል፤ መርፌ የሚወጋ ሰው ግን መገመት አለበት። ግምቱ ሲያንስ ስኳሩ ከፍ ብሎ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ሲበዛ ደግሞ ስኳሩ ይወርድና ራስን ያስታል፤ በተለይ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሊገድልም ይችላል። ሕመሙ ረጅም ዓመት የቆየባቸው አንዳንድ ሰዎች የስኳር መውረድን ምልክት፣ ላቡንና መንቀጥቀጡን፣ ጨርሰው አይሰሙትም። ኤሊየት በአሳማ ሕዋስ ሊረዷቸው ያሰቡት በተለይ እነዚህን ሰዎች ነበር።

ወተት፣ ስደትና ያልተመለሰ ጥያቄ

ኤሊየት በአንድ ርዕስ የሚወሰኑ ሰው አልነበሩም። አዲስ ከተወለደ ሕፃን ተረከዝ በምትወሰድ የደም ጠብታ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለውን የዘር በሽታ ለመለየት የሚያስችለውን ምርመራ በ1979 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ አድርገዋል፤ መሠረቱ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ስለ ስኳር ሕመም መነሻ ያነሱት ሐሳብ ግን የተለየ ዕጣ ገጠመው።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ትዝብት ነው። ኒውዚላንድ የሚያድጉ የሳሞአ ተወላጅ ልጆች፣ ሳሞአ ከቀሩት ይልቅ በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ይያዛሉ። ዘራቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከአኗኗር መምጣት አለበት። ኤሊየት ጥርጣሬያቸውን የጣሉት በላም ወተት ላይ ነበር። በወተት ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች አንዱ ኤ1 እና ኤ2 የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ኤ1 በአውሮፓ ዝርያ ላሞች ዘንድ የተለመደ ነው። እንደ ምሥራቅ አፍሪካ ከብቶች ያሉ ሻኛ ያላቸው የዜቡ ዝርያዎች በአብዛኛው የሚሰጡት ኤ2 ነው። ኤሊየት በዘራቸው ለስኳር ሕመም የተጋለጡ አይጦችን ኤ1 ያለበት መኖ ሲመግቡ ሕመሙ በረከተ፤ የተለያዩ አገሮችን የወተት አጠቃቀም ሲያነጻጽሩም ተመሳሳይ አዝማሚያ ያዩ መሰላቸው። «ኤ2» የሚል ስም ያለው ወተት በገበያ ላይ የወጣው ከዚህ ሐሳብ በመነሣት ነው።

በኋላ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች የተደረጉ የአይጥ ጥናቶች ግን ውጤቱን አላረጋገጡትም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2009 መረጃዎቹን መርምሮ በኤ1 ወተትና በበሽታው መካከል የምክንያትና የውጤት ግንኙነት አልተመሠረተም ሲል ደመደመ። የላም ወተት ፕሮቲን አስቀድሞ በተሰባበረበት ልዩ ወተት ከሁለት ሺህ በላይ ሕፃናት የተከታተለው ዓለም አቀፍ ሙከራም በ2018 ውጤቱን ሲያሳውቅ፣ ልዩ ወተቱ ልጆቹን ከሕመሙ እንዳልጠበቃቸው ገልጿል። በእኔ አስተያየት ይህ የኤሊየትን ስም የሚቀንስ አይደለም፤ ለጥያቄው ያቀረቡት መልስ አልጸናም እንጂ ጥያቄው ራሱ ትክክለኛ ነበር።

ይኸው ጥያቄ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በተጓዙ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም ሐኪሞች ተመሳሳይ ነገር ታዝበዋል። በ2004 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚታየውን አንደኛ ዓይነት የስኳር ሕመም ከዘር ውርስም ሆነ ከአዲሱ አካባቢ ተጽዕኖ አንጻር መርምሯል። ከአየሩ፣ ከምግቡ ወይስ ሰውነት ከቀድሞ ተሕዋስያን ጋር መገናኘት በማቆሙ? ይህ እስካሁን እየተጠና ነው።

ሰውነት «የኔ» የሚለውን እንዴት ያውቃል?

የብሪስቶሉ ልጅ ለምን እንደሞተ ለመረዳት ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለፍ ነበረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር በእሳት የተቃጠሉ ሰዎችን ሲያጠኑ፣ ከሌላ ሰው የተለጠፈ ቆዳ መጀመሪያ የያዘ ይመስልና ከቀናት በኋላ እንደሚረግፍ አስተዋሉ። ከዚያው ሰው ዳግመኛ ቆዳ ቢለጠፍ የበለጠ ፈጥኖ ይረግፋል። ሰውነት የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያስታውሳል ማለት ነው። እንግዲያውስ ንቅለ ተከላን የሚያፈርሰው የቀዶ ሕክምና ጉድለት ሳይሆን የመከላከያ ሥርዓቱ ነው።

ቁልፉ የተገኘው ደግሞ ከብቶች ዘንድ ነው። አሜሪካዊው ሬይ ኦወን በ1945 እንዳስረዱት፣ በማሕፀን ሳሉ የደም ሥራቸው የሚገናኝ መንታ ጥጆች ከተወለዱ በኋላም አንዱ የሌላውን የደም ሕዋሳት ተሸክሞ ይኖራል፤ አይገፋውምም። ሜዳዋርና ሩፐርት ቢሊንግሃም የመንታ ጥጆችን ቆዳ እያቀያየሩ ሲለጥፉ፣ ከአንድ ዕንቁላል ያልተገኙ መንቶች እንኳ የእኅት ወንድማቸውን ቆዳ ተቀበሉ። ሁለቱ ከሌስሊ ብሬንት ጋር ሆነው በ1953 ይህንኑ በአይጥ ላይ ደገሙት፤ ገና ሳይወለድ የባዕድ ሕዋስ የተሰጠው አይጥ ካደገ በኋላ ያንን ባዕድ እንደ ራሱ ይቆጥረዋል። ሜዳዋር ለዚህ ሥራ በ1960 ከፍራንክ ማክፋርሌን በርኔት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። መከላከያው «የኔ» የሚለውን የሚማረው ነው፤ የሚማር ነገር ደግሞ ሌላ ነገር ሊማር ይችላል የሚል ተስፋ ከዚያ ተወለደ።

ከአሳማ ወደ ሰው ሲሆን ግን መሰናክሉ ይከብዳል። የአሳማ ሕዋስ በገጹ ላይ «አልፋ ጋል» የተባለ የስኳር ምልክት አለው። ሰዎች ይህ ምልክት የለንም፤ በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ስላላቸው፣ ሰውነታችን ገና ከሕፃንነት ጀምሮ በምልክቱ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሲያዘጋጅ ይኖራል። ስለዚህ የአሳማ ልብ ወይም ኩላሊት ያለ ልዩ ዝግጅት ሰው ላይ ቢተከል በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ጠቁሮ ይበላሻል። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው፦ ሰውነቱ አሳማነቱን ይጠላል፤ አሳማ ባይሆንም እንኳ የቆሽት ደሴትን አስቀድሞ ለማጥፋት የሠለጠነ ነው።

የስዊድኑ ካርል ግሮትና ባልደረቦቻቸው በ1994 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከአሳማ ፅንስ የተወሰዱ ሕዋሳት ለአሥር ስኳር ሕሙማን መሰጠታቸውን ገልጸዋል። በአራቱ ሽንት ውስጥ የአሳማው ኢንሱሊን ሲሠራ የሚተርፈው ቁራጭ ከ200 እስከ 400 ቀን ታይቷል። ሕዋሳቱ እንደሚኖሩ ታወቀ፤ የሕመምተኞቹን የኢንሱሊን ፍላጎት ለመቀነስ ግን አልበቁም።

የኤሊየት ምርጫ የመከላከያ ሥርዓቱን ከማዳከም ይልቅ ሕዋሱን ከእርሱ መሰወር ነበር። ሐሳቡ ፍራንክሊን ሊምና አንተኒ ሰን በ1980 በአይጥ ላይ ያሳዩት ነው። ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚገኘው አልጂኔት ጄል ሆኖ ደሴቶቹን ይከባል። በጄሉ ቀዳዳዎች ኦክስጅን፣ ስኳርና ኢንሱሊን ያልፋሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ግን አያልፉም። ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ ገለባውን እንደሚያስቀር ማለት ነው። የወንፊቱ ችግር በጊዜ ብዛት መታየቱ ነው፤ በከረጢቱ ዙሪያ ጠባሳ ሲበቅል ኦክስጅኑ ያጥራል፤ ሕዋሱም ሳይሞት ይደክማል። በመግቢያችን ያነሣነው ሕመምተኛ ሆድ ውስጥ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት መቶ ዓመት የተገለሉ አሳማዎች

ሥራው ገና እንደተጀመረ አደጋ ታየው። የሮቢን ዋይስ ቡድን በ1997 ለንደን ውስጥ፣ በአሳማ ዘረ መል ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ሬትሮቫይረስ በቤተ ሙከራ የሰው ሕዋስን ሊይዝ እንደሚችል አሳየ። ዘመኑ ዓለም በኤችአይቪ የደነገጠበት ነው፤ ኤችአይቪም ከእንስሳ ወደ ሰው የተሻገረ ሬትሮቫይረስ ነው። አንድን ሕመምተኛ ለመርዳት ሲባል አዲስ ወረርሽኝ ቢነሣስ? ሙከራዎች በየአገሩ ቆሙ። ኤሊየትም ቀጣዩን ፈቃድ እስኪያገኙ ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቁ።

መልሱን የፈለጉት ከአገራቸው ደቡብ ጫፍ ባሻገር ነው። የኦክላንድ ደሴቶች (ከኦክላንድ ከተማ ጋር ስም እንጂ ቦታ አይጋሩም) ከኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት 465 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በብርዳማው ውቅያኖስ ይገኛሉ። መርከበኞች በ1807 አሳማ የለቀቁባቸው፣ መርከብ ሲሰበር የሚተርፍ ሰው የሚበላው እንዲያገኝ ነው። የሰው ሰፈር አልጸናባቸውም፤ አሳማዎቹ ግን ተባዙ። የደሴቱን ብርቅ ዕፅዋትና የወፎች ጎጆ ስለሚያጠፉም የኒውዚላንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ሊያስወግዳቸው ይፈልግ ነበር። በ1999 ብርቅ የቤት እንስሳት ዝርያዎችን የሚንከባከብ ማኅበር 17 ያህሉን ይዞ ወደ ኢንቨርካርጊል ከተማ አመጣ።

ሁለት መቶ ዓመት ያህል ከሌላ አሳማ ጋር ያልተገናኘ መንጋ፣ የእርሻ አሳማዎችን የሚያጠቁ ብዙ ቫይረሶች አልደረሱበትም። በዘረ መሉ ውስጥ የተቀበረው ሬትሮቫይረስም ከሌሎች ዝርያዎች ያነሰ ቅጂ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ በቤተ ሙከራም ወደ ሰው ሕዋስ ሲሻገር አልታየም። አጥፊ ተብለው ሊገደሉ የነበሩ እንስሳት በተጣራ አየርና በጥብቅ ቁጥጥር የሚያድጉ ውድ መንጋ ሆኑ።

የኒውዚላንድ መንግሥት በ2008 ለአዲስ ሙከራ ፈቃድ ሰጠ። ኤሊየት ልጁ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ነጋዴ፣ ከዴቪድ ኮሊንሰን ጋር ያቋቋሙት ኩባንያ ሙከራውን በኒውዚላንድ፣ በኋላም በአርጀንቲና አካሄደ። በ2016 የታተመው የአርጀንቲናው ውጤት ስምንት ሕመምተኞችን ያካተተ ነው። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት አራቱ የሦስት ወር አማካይ የስኳር ልኬታቸው ከ600 ቀናት በላይ ከ7 ከመቶ በታች ቆይቷል፤ ሳይታወቅ የሚመጣው የስኳር መውረድም በጉልህ ቀንሷል። የአሳማ ቫይረስ የተገኘበት ሕመምተኛ አልነበረም። ቢሆንም ኢንሱሊንን ለዘለቄታው የተወ ሰው አልተገኘም፤ ሕክምናውም እስከ መድኃኒት ቤት ሳይደርስ ቀረ። ከመንጋው ጥበቃ፣ ከሕዋሱ ዝግጅትና ከዓመታት ክትትል ጋር ሲሰላ፣ የሚገኘው ጥቅም ወጪውን የሚሸከም አልሆነም።

ሌሎች መንገዶች

በዚህ መካከል ሌሎች ከሰው ደሴት ጀምረዋል። በካናዳ ኤድመንተን የጄምስ ሻፒሮ ቡድን በ2000 ሰባት ሕመምተኞች ከሟች ለጋሾች የተወሰዱ ደሴቶችን በጉበታቸው ተቀብለው ከመርፌ ነፃ እንደሆኑ አስታወቀ። ሙከራው በተለያዩ አገሮች በ36 ሰዎች ላይ ሲደገም ግን ከዓመት በኋላ ከመርፌ ነፃ የነበሩት 16 ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በሁለተኛው ዓመት ወደ መርፌ ተመልሰዋል። ለአንድ ሰው የሁለት ወይም የሦስት ሟቾች ቆሽት ያስፈልግ ነበር። አሳማ የተፈለገበት ምክንያትም ይኸው የለጋሽ እጥረት ነው።

አሁን ውድድሩ ሁለት መልክ ይዟል። አንደኛው አሳማውን ራሱን መለወጥ ነው። አልፋ ጋል የሌላቸው አሳማዎች ከ2002 ጀምሮ ተወልደዋል፤ በ2017 ደግሞ ሬትሮቫይረሳቸው በዘረ መል አርትዖት የተሰናከለ አሳማዎች ታዩ። በጥር 2022 በሜሪላንድ ዘረ መሉ የተለወጠ የአሳማ ልብ ለሰው ተተክሎ ሰውየው ሁለት ወር ያህል ኖሯል፤ በመጋቢት 2024 በቦስተን የአሳማ ኩላሊት ለሕያው ሰው ተተክሏል። ሁለተኛው መልክ እንስሳውን ጨርሶ መተው ነው። በሰኔ 2025 በታተመ ጥናት፣ ከግንድ ሕዋስ በቤተ ሙከራ የተሠሩ ደሴቶችን በሙሉ መጠን ከወሰዱ 12 ሰዎች 10ሩ ከዓመት በኋላ ኢንሱሊን አይወጉም ነበር። ሁሉም ግን መከላከያቸውን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ ነበረባቸው፤ ያም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በዚያው ዓመት ከስዊድን ኡፕሳላ የመጣው ዜና ለኤሊየት ሕልም የበለጠ የቀረበ ነው። የአንድ ለጋሽ ደሴቶች ዘረ መላቸው ታርሞ፣ የመከላከያ ሥርዓቱ እንዳይለያቸው ተደርገው በአንድ የ42 ዓመት ሰው ክንድ ጡንቻ ውስጥ ተቀመጡ። መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት አልተሰጠውም፤ ሕዋሳቱም ከ12 ሳምንት በኋላ ኢንሱሊን እያመነጩ ነበር። መጠናቸው ጥቂት ስለነበር ሰውየው መርፌውን አልተወም። እዚህ ላይ ሕዋሱን ከመከላከያው የሸሸገው የባሕር አልጌ ሳይሆን የራሱ ዘረ መል ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ

አሳማ በሚለው ስም ብቻ ብዙ የአካባቢያችን አንባቢ ሊከፋ ይችላል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም፣ ሙስሊሞችም፣ ቤተ እስራኤላውያንም አሳማ አይበሉም። በሕክምና ረገድ ግን መብላትና ሕይወትን ማዳን አንድ ተደርገው የማይታዩበት ልማድ አለ። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ሌላ አማራጭ በሌለበት ጊዜ በ«ዶሩራ»፣ ማለትም በግድ አስፈላጊነት መርሕ ይፈቅዳሉ፤ የአይሁድ ሊቃውንትም ክልከላው የመብል ነው ይላሉ። የሜሪላንዱን የአሳማ ልብ ምርምር የመሩት ዶክተር ሙሐመድ ሞሂዩዲን በፓኪስታን የተወለዱ ሙስሊም ናቸው። ጥያቄው ያለው ሰው ከሐኪሙ በተጨማሪ የነፍስ አባቱን ወይም ሼኹን ቢያማክር የሚያስገርም አይደለም።

ይበልጥ የሚከብደው ግን የሃይማኖቱ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የከፈተችው በ2015 ነው፤ ንቅለ ተከላውም በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚለገስ ኩላሊት የተጀመረ ነው። ከሟች ለጋሽ ቆሽት ወስዶ ደሴቶችን መለየት የሚጠይቀው አደረጃጀት ከዚህ በጣም ይርቃል። ከጎንደር ዙሪያ የገጠር ሕመምተኞችን ለዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች ደግሞ ሌላ ነገር አሳይተዋል፦ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው መካከል ብዙዎቹ በልጅነታቸው ምግብ ያጠራቸው ድኻ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ሕመማቸውም በመማሪያ መጻሕፍት ከተጻፈው አንደኛ ዓይነት ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ የተቀበለው በ2025 ነው። መከላከያው ባላጠፋው ቆሽት ላይ የተለየ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ በኦክላንድም ሆነ በኡፕሳላ የተሠራው ሁሉ ለጎንደሩ ገበሬ ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም።

ለዚህ አካባቢ ሕመምተኛ የዕለቱ ጭንቀት ኢንሱሊኑን ማግኘትና ከሙቀት መጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ እንዲቀመጥ ይታዘዛል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ጎጆ ይህ የማይቻል ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ፣ ስኳር ሕሙማን ኢንሱሊናቸው በሆስፒታል ማቀዝቀዣ ስለሚቀመጥ ለመርፌ በየቀኑ ደጋግመው ይመላለሱ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በመጠለያው የጎጆ ውስጥ ሙቀት ለክተው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እንደሚለዋወጥ አገኙ፤ ይህንኑ ሙቀት በቤተ ሙከራ ደግመው ኢንሱሊኑን ለአራት ሳምንታት አቆዩት። በ2021 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ኢንሱሊኑ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠው ጋር ሲነጻጸር ኃይሉን አልቀነሰም፤ የተከፈተ ብልቃጥ ለእነዚያ አራት ሳምንታት ከሕመምተኛው ጋር በጎጆው ሊቆይ ይችላል።